ጾሙ የሚገባው ቡናው ሲቀላ ነው

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። በጅማ ዙሪያ፣ በማናም በጎማም በሊሙ ኮሳም፣ ያን ጊዜ ቡናው ቀልቶ ለቀማው ጦፏል። ሰው ሥጋውን፣ ወተቱን፣ ቅቤውንና እንቁላሉን ይተዋል። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከዓመቱ ሁሉ የበለጠ ገንዘብ በእጁ ይገባል፣ ከእጁም ይወጣል። የለቃሚው ሒሳብ፣ የሚዛኑ ንባብ፣ የጆንያው ተቀናሽ፣ ያለፈው ክረምት ብድር፣ ሁሉም የሚተሳሰበው በጾም ውስጥ ነው። ስለ እምነትና ትእዛዝን ስለ መጠበቅ ለመጻፍ ከዚህ የተሻለ ወቅት አይታየኝም። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የተናገረው ልክ ይህን የመሰለ ጊዜ ላይ ነውና። ሕዝቡ «ጾምን፣ ለምን አላየኸንም?» ብሎ እግዚአብሔርን ይሞግታል። መልሱ የጸሎታቸውን ማነስ አያነሣም። «በጾማችሁ ቀን ፈቃዳችሁን ታደርጋላችሁ ሠራተኞቻችሁንም ሁሉ ታስጨንቃላችሁ» ይላቸዋል። ምግቡን ትተዋል፤ ሠራተኛውን ግን አልለቀቁትም።

ቋንቋችን ራሱ ነገሩን አሳጥሮልናል። «እምነት»ና «ታማኝነት» ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው። ዕዳ እንዳለበት የተቀበለ ሰው «አመነ» ይባላል፤ አደራ የማይበላው ደግሞ «ታማኝ» ነው። አምናለሁ እያለ የማይታመን ሰው፣ በአማርኛ ሰዋስው እንኳ ግራ የሚያጋባ ነው። «መስማት»ም እንዲሁ ነው። እናት «ይህ ልጅ አልሰማ አለኝ» ስትል ጆሮው ደንቁሯል ማለቷ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዘዳግም 6፥4 «እስራኤል ሆይ፥ ስማ» ሲል የዕብራይስጡ ቃል መስማትንም መታዘዝንም አንድ ላይ ይዟል። ጳውሎስ በሮሜ 10፥17 እምነት ከመስማት እንደሆነ የሚጽፈው በዚህ ጀርባ ላይ ቆሞ ነው። የሮሜን መልእክት ሲከፍት በ1፥5፣ ሲዘጋም በ16፥26፣ የተላከበትን ዓላማ የሚነግረን በአንድ ሐረግ ነው፦ ከእምነት የሚነሣ መታዘዝ። መታዘዙ ይነሣል፤ የሚነሣውም ከእምነት ነው። ቅደም ተከተሉን ማንም እንዳያዛባው ነው በሁለቱም ጫፍ ያሰረው።

በከተማችን ኦርቶዶክሱና ጴንጤው ሲከራከሩ ሁለት ጥቅስ ይወረወራል። አንዱ ሮሜ 3፥28ን ያነሣል፦ ሰው ያለ ሕግ ሥራ በእምነት ይጸድቃል። ሌላው ያዕቆብ 2፥24ን ይመልሳል፦ ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ ይጸድቃል። ከዚያ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ጉዳዩም በዚያው ይቀራል። ሁለቱ ሐዋርያት ግን የሚጠቅሱት አንድ ሰው ነው፣ አብርሃምን፤ አንድ ጥቅስም ይጋራሉ፣ ዘፍጥረት 15፥6ን። የአብርሃምን ዕድሜ ተከትሎ ማንበብ ክርክሩን በጣም ያቀልለዋል። ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር። በምዕራፍ 15 እግዚአብሔርን አመነ፣ ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት። እስማኤል ሲወለድ 86፣ ሲገረዝ 99፣ ይስሐቅ ሲወለድ 100 ዓመቱ ነው። ስለዚህ ጳውሎስ በሮሜ 4 «የተቈጠረለት ሳይገረዝ ነው» ሲል ቀኑን ቈጥሮ ነው። ያዕቆብ የሚያነሣው ደግሞ የምዕራፍ 22ን መሠዊያ ነው። ከምዕራፍ 15 ቢያንስ 14 ዓመት አልፎ ይስሐቅ ተወልዷል፣ እንጨት የሚሸከም ልጅም ሆኗል። ያ መሠዊያ አብርሃምን አማኝ አላደረገውም፤ ድሮ ያመነው እምነት በሕይወት እንዳለ አሳየ እንጂ። ያዕቆብ «ተፈጸመ» የሚለውን ቃል የመረጠው ለዚህ ነው። ጳውሎስ የሚሟገተው በሥራው ሊመካ ከሚመጣው ጋር ነው፣ ያዕቆብ ደግሞ «አምናለሁ» ብሎ ራቁቱን የቆመውን ወንድም በባዶ እጅ «በደህና ሂድ» ከሚለው ጋር። ሁለቱን ተቃዋሚ አድርጎ የሚያቆማቸው ሰው አንዱን ብቻ አንብቦ የተነሣ ይመስለኛል።

ሕጉ የተሰጠበትንም ጊዜ እንይ። እስራኤል ከግብፅ የወጡት ትእዛዝ ጠብቀው አይደለም። ባሕሩ የተከፈለው በዘፀአት 14 ነው፣ ሲና የደረሱት በሦስተኛው ወር፣ ዐሠርቱ ትእዛዛት የተነገሩት በምዕራፍ 20። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገርም ትእዛዝ አይደለም፤ «ከግብፅ ምድር ያወጣሁህ እግዚአብሔር አምላክህ እኔ ነኝ» የሚል ማስታወሻ ነው። ትእዛዙ የሚመጣው ነፃ ለወጣ ሰው ነው።

በመካከሉ ደግሞ፣ በምዕራፍ 16፣ መና አለ። ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ እምነትና ትእዛዝ እንዴት እንደሚያያዙ በግልጽ የሚያሳየው ይህ ምዕራፍ ነው። መጠኑ የታወቀ ነው፦ ለአንድ ራስ በየቀኑ አንድ ጎሞር፣ እርሱም የኢፍ አንድ ዐሥረኛ፤ በስድስተኛው ቀን ሁለት ጎሞር፤ በሰባተኛው ምንም። ከስድስተኛው ቀን በቀር ከዛሬ ለነገ ማሳደር አይፈቀድም። ያሳደሩት ተላ፣ ሸተተም። በሰባተኛው ቀን ሊለቅሙ የወጡት ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ትእዛዙ ከባድ ጉልበት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ነገ ጠዋትም እንደሚዘንብ ማመንን ነው። ያሳደረው ሰው ያጠፋው ጥፋት ስስት ብቻ አይደለም፤ የነገን መና የሚልከውን አላመነም። ብዙ ትእዛዝ ሲፈርስ ከሥሩ ብንቆፍር ይኸው ይገኛል። ሚዛን የሚያጎድለው ሰው፣ ኪሎዋ ካልቀረችልኝ ልጆቼን ማን ያበላልኛል ብሎ ነው የሚያጎድለው። ሰንበትን የሚሽረውም የአንድ ቀን ገቢ ከእግዚአብሔር እጅ ይልቅ ያስተማምነዋል።

ወደ ሚዛኑ እንምጣ። ዘሌዋውያን 19፥35-36 የእውነት ሚዛን፣ የእውነት መመዘኛ፣ የእውነት ኢፍና ኢን እንዲኖረን ያዛል። ከዚያ ወዲያው የሚለው «ከግብፅ ምድር ያወጣኋችሁ እግዚአብሔር አምላካችሁ እኔ ነኝ» ነው። በሲና ተራራ ላይ የተነገረው ያው ቃል በገበያ መካከል ተደገመ። ዘዳግም 25፥13 በከረጢትህ ታላቅና ታናሽ መመዘኛ አይኑርህ ይላል። በዕብራይስጡ መመዘኛው «ድንጋይ» ነው፤ ነጋዴ ሁለት ድንጋይ ይዞ በትልቁ ይገዛ፣ በትንሹ ይሸጥ ነበር። ዛሬ ድንጋይ የሚይዝ የለም፤ ሁለት ሚዛን ያለው ግን አለ።

ትእዛዙን መጠበቅ የሚፈልግ ቡና ገዢ እንዲህ ማድረግ ይችላል። ሁለት ድንጋይ ፈልጎ አንዱን 5 ኪሎ ገደማ፣ ሌላውን 20 ኪሎ ገደማ፣ በሚታመን ሚዛን አስመዝኖ ትክክለኛውን ቁጥር በቀለም ይጻፍባቸው። በየማለዳው የሚንጠለጠለውን ሚዛን ባዶውን ይስቀለውና መርፌው ዜሮ ላይ መቆሙን ይይ። ከዚያ ሁለቱንም ድንጋይ በየተራ ይስቀል። ሁለት ድንጋይ ያስፈለገው ያረጀ ሞላ በቀላሉ ትክክል ሆኖ በከባዱ ሊሳሳት ስለሚችል ነው። ባለ ሁለት ሰሃን ሚዛን ከሆነ ዕቃውንና መመዘኛውን ቦታ ማለዋወጥ ይበቃል፤ ንባቡ ከተለያየ ክንዶቹ እኩል አይደሉም። ዲጂታሉ ደግሞ መሬቱ ካልተስተካከለ ወይም ጆንያው ጠርዝ ላይ ከተቀመጠ ይዋሻል፤ በመካከሉና በአራቱም ማዕዘን መሞከር ነው። ከሁሉም በላይ ንባቡ ሻጩ በሚያይበት አቅጣጫ ይዙር፣ ቁጥሩም ጮክ ተብሎ ይነገር።

ብዙ ኪሎ የሚጠፋው ግን በሚዛኑ ሳይሆን በተቀናሹ ነው። «ለጆንያ» ተብሎ አንድ ኪሎ ሙሉ ሲቀነስ ማንም አይከራከርም፤ የማዳበሪያ ከረጢት ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው የሚመዝነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ከእያንዳንዱ ፈረሱላ አንድ ኪሎ ያለ አግባብ ከተቀነሰ፣ ገበሬው በየ17 ፈረሱላው አንድ ሙሉ ፈረሱላ በነፃ ሰጠ ማለት ነው። ባዶውን ጆንያ መመዘን ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ዝናብ የነካው የቃጫ ጆንያ ከደረቁ ስለሚከብድ፣ ዝናብ በጣለ ቀን እንደገና ይመዘን።

ሕጉ ለገዢው ብቻ አልተጻፈም። ያልደረቀ ጀንፈል (ከነልጣጩ የሚደርቅ ቡና) የሚያቀርብ፣ ከቀዩ እሸት ጋር አረንጓዴውን ሸምጥጦ የሚቀላቅል፣ ከጆንያው ሥር ያምናውን ቡና የሚያደርግ ሻጭም ሐሰተኛ መመዘኛ ይዟል። እርጥበቱ ከ12 በመቶ ያለፈ የተፈለፈለ ቡና ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ መጋዘን ውስጥ ግን ይሻግታል፤ ኪሳራው ከእርሱ በኋላ በገዛው ሰው ላይ ያርፋል። የአንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ዋጋ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀይ እሸት ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ እሸቱ ላይ የገባች ትንሽ ማታለል መጨረሻ ላይ ትንሽ አትሆንም።

ለለቃሚው ደግሞ ሌላ ድንበር ተሰምሯል፤ እርሱም ፀሐይ ነው። ዘዳግም 24፥14-15 የድሀውን ሠራተኛ ዋጋ በዕለቱ፣ ፀሐይ ሳይገባ ስጥ ይላል። ምክንያቱንም ያክልበታል፦ ድሀ ነውና፣ ነፍሱም እርሱን ተስፋ ታደርጋለችና። ያዕቆብ 5፥4 እርሻችሁን ያጨዱት ሠራተኞች የተቀማ ደመወዛቸው ይጮኻል ይላል። ልብ በሉ፣ ስለ ሞተ እምነት የጻፈው ያው ሐዋርያ ነው፤ በምዕራፍ 2 ሥራ ያለው ምን እንደሆነ በምዕራፍ 5 በስሙ ጠራው።

በተግባር ክፍያ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ በክፋት ሳይሆን በዝርዝር ብር እጦት ነው። ከቀትር በኋላ ሁሉም ለቃሚ በአንድ ጊዜ ይመጣል፣ በእጅ ያለው ባለ ሁለት መቶ ብቻ ነው፣ «ነገ እንተሳሰባለን» ይባላል። ነገ ደግሞ ሌላ ቀን ነው። መድኃኒቱ ጠዋት ገበያ ሳይሞቅ ባለ ዐሥርና ባለ ሃምሳ ማዘጋጀት ነው። ስልክ ላለው በቴሌብር መላክም ይቻላል፤ ስልክ የሌለውን ግን በሌላ ሰው ስልክ መክፈል ለጠብ በር ይከፍታል። ኪሎው በሁለት ደብተር ይጻፍ፣ አንዱ ለቃሚው ዘንድ ይቀመጥ። ማንበብ ለማይችል፣ ለየኪሎው አንድ የባቄላ ፍሬ በከረጢቱ መክተት ከደብተር የማያንስ ምስክር ነው። ሠራተኛው ራሱ ፈቅዶ በሳምንት እንዲከፈለው ከተስማማ፣ በእኔ እይታ ፀሐይዋ የምትገባው በተስማሙበት ቀን ነው። «ፈቅዶ» የሚለው ቃል ግን ይመዘን። አማራጭ የሌለው ሰው ራሱን ስለነቀነቀ ፈቀደ አይባልም።

በጅማው ሂርማታ ገበያ ላይ አጠገባችን የሚነግደው ሙስሊም ወንድማችን በዚህ ነገር የተለየ ትእዛዝ የለውም። በቁርኣን 83ኛው ሱራ የሚከፈተው ሰፍረው ሲቀበሉ ሞልተው፣ ለሌላው ሲሰፍሩ በሚያጎድሉት ላይ በሚወርድ ወዮታ ነው። ለሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉት የሚል ሐዲስም አለ። እንግዲህ ክርስቲያን ነጋዴ ሚዛን ሲያጎድል የሚያሰድበው የራሱን ስም ብቻ አይደለም።

አሁን ወደሚበላሸው ነገር ልምጣ። ከስሕተቶቹ ሁሉ ከባዱ መተካት ነው። ሳኦል በ1ኛ ሳሙኤል 15 አማሌቅን ፈጽሞ እንዲያጠፋ ታዘዘ፤ ንጉሡን አጋግንና ምርጥ ምርጡን በግና በሬ አስቀረ። ሲጠየቅ «ለእግዚአብሔር ልንሠዋ ነው» አለ። መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል የተባለው ያን ጊዜ ነው። ሳኦል እግዚአብሔርን አልካደም፤ የታዘዘውን በሌላ መልካም ነገር ለወጠው። በለቀማ ሰሞን ይህ በብዙ መልክ ይመጣል። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ጠቀም ያለ ብር ተሰጥቶ የለቃሚ ሒሳብ ይቀራል። አሥራት ተከፍሎ ለወንድም የሚገባው የእርሻ ድርሻ ይታገዳል። ጌታ በማርቆስ 7 «ቁርባን ነው» እያሉ እናትና አባታቸውን ባዶ እጅ የሚሰዱትን የወቀሰው ስለዚህ ነው። የሌላ ሰው ገንዘብ ስጦታ አይሆንም፤ መጀመሪያ ዕዳው ይከፈል፣ አሥራቱ ከራስ ከሆነው ይወጣል።

ሌላው ትእዛዝ መጠበቅን ክፍያ ማድረግ ነው። በሉቃስ 18 ፈሪሳዊው በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጾም ነበር፣ ከሚያገኘው ሁሉ አሥራት ያወጣ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ ጌታም ዋሸ አላለውም። የተበላሸው ደረሰኙን ይዞ መቅረቡ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቡናው በበረዶ ሲመታ «ሁሉን ጠብቄ ለምን?» ይላል። ያን ጊዜ እምነቱ ውል ሆኖ እንደኖረ ይታወቃል።

መሐላውን በአጭሩ ልለፈው። «ማርያምን፣ ከዚህ በላይ አያወጣኝም!» የሚለው የገበያ ቋንቋ የእግዚአብሔርንና የቅዱሳንን ስም የዋጋ መያዣ ያደርጋል። ማቴዎስ 5፥37 አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይበቃል ይላል። ዋጋውን አንዴ መናገርና እዚያው መቆም ልማድ ይሆናል፤ ደንበኛም ይለምደዋል።

የሰንበት ነገር ለቡና ሰው በእውነት ከባድ ነው፣ እንደ ዋዛም አይታለፍም። የተለቀመ እሸት በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ ከረጢቱ ውስጥ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። በገንዳ የሚብላላው ደግሞ እንደ አየሩ ቅዝቃዜ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይወስዳል፤ ጊዜው ሲደርስ ካልታጠበ ያልፍበታል። ስለዚህ የሰንበት ዕረፍት የሚዘጋጀው እሑድ ጠዋት ሳይሆን ከሁለት ቀን በፊት ነው። መፈልፈያው በአንድ ቀን ምን ያህል ኪሎ እንደሚጨርስ ይታወቅ፤ ቅዳሜ ለቀማው ከዚያ አይለፍ፣ ከቀትር በፊትም ይቁም። ገንዳ የሚገባው ቡና የመታጠቢያ ሰዓቱ እሑድን እንዳይነካ ተሰልቶ ይግባ። ሁለቱንም ሰንበት የሚጠብቅ ደግሞ ሒሳቡን ሁሉ ወደ ዓርብ ይግፋው። በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ዝናብ ሲመጣ መሸፈን ግን በሉቃስ 14፥5 ጉድጓድ የገባውን በሬ እንደ ማውጣት ነው፤ ያልታሰበ ነገር የደረሰበትን ማትረፍ ነውና። በየሳምንቱ ሆን ተብሎ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ በሬ ካለ ግን የጉድጓዱ ባለቤት ይጠየቅበታል። ዘዳግም 5፥14 ደግሞ ሠራተኛውም እንዳንተው ይረፍ ስለሚል፣ ባለቤቱ ቅዳሴ ቆሞ ቅጥረኛው ቡና የሚያገላብጥ ከሆነ ሰንበቱ ግማሽ ነው።

የጎደለውን መመለስ የሚፈልግ ሰው መንገዱ በዘኍልቍ 5፥6-8 ተጽፏል። መናዘዝ፣ የተወሰደውን በሙሉ መመለስ፣ አምስተኛውን እጅ መጨመር፣ ለተበደለው ለራሱ መስጠት። በቁጥር ብናየው፣ ከአንድ ለቃሚ በቀን 2 ኪሎ ለ20 ቀን ቢቀነስ 40 ኪሎ ይሆናል። የአንድ ኪሎ የለቀማ ዋጋ 10 ብር ነው እንበልና፣ ዋናው 400 ብር፣ አምስተኛው እጅ 80፣ በድምሩ 480 ብር። ዘኬዎስ ከዚህ አልፎ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፣ ሕጉ በዘፀአት 22 በግ ሰርቆ ላረደ የሚያዘውን ያህል። እርሱም ቢሆን ይህን ያለው ጌታ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው፤ ከዛፉ ሲጠራው በእጁ የመለሰው ምንም አልነበረም። ለንስሐ አባት ስንናገር «ሚዛን ላይ ስሕተት ነበረብኝ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የስንት ሰው፣ የስንት ቀን፣ ስንት ኪሎ እንደሆነ ቀርቦ ይነገር፤ ቀኖናው የሚሰጠው ለዚያ ነው። ተበዳዩ ከሞተና ወራሽ ዘመድ ከሌለው፣ በዚያው በዘኍልቍ ለካህኑ ይሰጥ ይላል። በሕይወት ያለውን ሳይፈልጉ ወደ ሙዳየ ምጽዋት መሮጥ ግን የሳኦልን በግ መሠዋት ነው።

ፍለጋው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው። ለቃሚው ከሩቅ መጥቶ ወቅቱ ሲያልቅ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ስሙ «ያ ቀጭኑ ልጅ» ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ደብተሩ የመጀመሪያው ቀን ላይ ይከፈት፦ ሙሉ ስም፣ የመጣበት ወረዳና ቀበሌ፣ የራሱ ወይም አብሮት የመጣ ሰው ስልክ፣ የየቀኑ ኪሎና የተከፈለው ብር። ደብተሩ ከታኅሣሥ በኋላ አይጣል። በጥር መጨረሻ፣ ቡናው ሁሉ ተሽጦ ሲያልቅ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አንድ ጊዜ ይደመር፤ ልዩነት የተገኘበት ሰው በዚያው ቀን ይደወልለት።